የአውድማው ገንዘብ እስከሚቀጥለው አውድማ እንዲደርስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ገንዘብ አያያዝ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «በበዓል ቀን ስለ ሒሳብ ማውራት ምን ይሉታል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ተነሥቶ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚደርሰው በአእምሮው ብርታት ብቻ አይደለም። ደብተሩ፥ ስንቁ፥ ከገጠር ለመጣውም ልጅ የቤት ኪራዩ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ትምህርቱን አቋርጦ የሚቀረው ሰነፍ ተማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያን ያህል ባላሳዘነ፤ ጐበዙም ልጅ በግንቦት ወር የቤት ኪራይ አጥቶ ይቀራል። ያ ገንዘብ ግን በጥር ወር ከአባቱ ቤት ነበረ። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ ሐሳብ «ከጥር እስከ ግንቦት ያ ገንዘብ ወዴት ሄደ?» የሚል ነው።

አገራችን ገሰራም ሆነ ጠቅላላው የባሌ ደጋ፥ ሮቤም ሲናናም አጋርፋም፥ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ከዚህም በላይ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጐበኘናል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን የእርሻ ወራት አባቶቻችን «ጋና»፥ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ደግሞ «ቦና» ይሉታል። ይህ ብዙ አገሮች ያላገኙት ጸጋ ነው። ነገር ግን ገበሬ እንደ ደመወዝተኛ በየወሩ ገንዘብ አይቀበልም፤ ኮምባይነሩ ከማሳው በወጣ ሰሞን በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ያገኛል፥ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ወራት የሚገባለት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የእኛ ችግር ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የገንዘብ አመጣጥ ነው። በአንድ ወር የመጣውን ለስድስት ወር ማከፋፈል የማይችል ሰው ሀብታም ሆኖ ሳለ ደኻ ሆኖ ይኖራል።

በመጀመሪያ ቁጠባንና ንፍገትን እንለያቸው። ንፉግ ማለት ሊያወጣው የሚገባውን የማያወጣ ነው፤ ልጁ ታሞ ሐኪም ቤት አይወስደውም፥ ጎረቤቱ ሲቸገር ፊቱን ያዞራል። ቆጣቢ ግን ለሚገባው ነገር የሚያወጣው እንዲኖረው ለማይገባው ነገር እጁን የሚሰበስብ ነው። እንዲያውም እንግዳ ተቀብሎ ማብላት የሚችለው ቆጣቢ ሰው ነው፤ አባካኙ እንግዳ ሲመጣበት ይበደራል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

አሁን በሥራ ላይ ሊውሉ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን በተራ እናገራለሁ።

1ኛ፤ ገቢንና ወጪን መጻፍ። ተማሪዎች ሆይ፤ ከአንድ አሮጌ ደብተር ገጽ ላይ ሦስት ዐምድ አስምሩ፤ «ገቢ»፥ «ወጪ»፥ «ቀሪ» ብላችሁ ጻፉበት። ለ30 ቀን ያህል የብስኩቱንም፥ የሻዩንም፥ የስልኩንም ጥቅል ሳትደብቁ መዝግቡ። በወሩ መጨረሻ ደምሩት። ማንም ሳይቈጣችሁ ደብተሩ ራሱ ይመክራችኋል። በቀን 10 ብር የሚያስቀር ልጅ በዓመት 365 ቀን፥ ጳጉሜን ሳይቀር፥ 3,650 ብር ይኖረዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

ጳጉሜን ካነሣሁ ዘንድ ለደመወዝተኞች አንድ ቃል ልጨምር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የ12 ወር ደመወዝ ተቀብለን 13 ወር እንኖራለን። በዚያች በዐሥራ ሦስተኛይቱ ወር ማግሥት ዘመን መለወጫ ይመጣል፥ መስቀል ይከተላል፥ ትምህርት ቤትም ይከፈታል። ይህ በየዓመቱ እንደሚመጣ እያወቅን በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ እንግዳ እንደነግጥበታለን። ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ለጳጉሜ የሚያስቀምጥ ሰው መስከረምን በደስታ ይቀበለዋል።

2ኛ፤ የአውድማን ገንዘብ ሳይነኩ መመደብ። እህል ተሸጦ ገንዘቡ ከቤት እንደ ገባ፥ ገና አንድ ብር ሳይወጣ፥ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይከፋፍሉት። የመጀመሪያው ድርሻ ለሚቀጥለው ዘርና ማዳበሪያ ነው። ሁለተኛው እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ ለቤት ቀለብ ነው። ሦስተኛው ለልጆች ትምህርትና ለሕክምና ነው። ድግሱና አዲሱ ስልክ የሚታሰቡት ከእነዚህ ከሦስቱ የተረፈ ሲኖር ነው። ብዙዎቻችን ግን ተራውን ገልብጠን ከድግሱ እንጀምራለን፤ ማዳበሪያው በመጨረሻ ሲመጣ ኪሳችን ባዶ ይሆናል።

ስለ ሕክምና ካነሣን፥ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው ነገር በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አሠራሩ ከዕድር ብዙ አይርቅም፤ ሁሉም በዓመት ጥቂት ያዋጣል፥ የታመመውም ከመዋጮው ይታከማል። በጤና ጊዜ የተከፈለች ጥቂት ገንዘብ በሕመም ጊዜ በሬ ከመሸጥ ታድናለች።

3ኛ፤ እህልን በችኮላ አለመሸጥ። በአውድማ ሰሞን ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋ ይወርዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ለምሳሌ ያህል እንበል፤ አንድ ኩንታል ስንዴ በጥር 4,000 ብር፥ በሰኔ 5,000 ብር ቢሆን፥ ዐሥር ኩንታሉን በጥር የሸጠ ሰው 40,000 ብር ያገኛል። አምስቱን በጥር ሸጦ አምስቱን ያቈየ ሰው ግን 45,000 ብር ያገኛል። ልዩነቱ 5,000 ብር ነው፤ ለዚህም ድካሙ መጠበቅ ብቻ ነው። «ነቀዝ ይበላዋል» የሚል ቢኖር፥ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፥ ፒክስ የሚባለው፥ ለዚህ የተሠራ ነው። ሁለቱ የውስጥ ድርቦች ፕላስቲክ ናቸው፥ የውጭው የተለመደው ማዳበሪያ ከረጢት ነው። በሚገባ የደረቀ እህል ተጨምሮበት አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም፤ ሁሉን አትሽጡ፥ ሁሉንም አታስቀምጡ የምለው ስለዚህ ነው።

4ኛ፤ ገንዘብን የት ማስቀመጥ እንደሚገባ ማወቅ። የእናቶቻችን መቀነት የመጀመሪያው ባንካችን ነበረ፤ ከእንቁላልና ከቅቤ የተገኘውን ቋጥረው ስንቱን ልጅ አስተምረውበታል። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተ ጀምሮ በአገራችን የባንክ ሥራ ከመቶ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም ገንዘቡን በማሰሮና በፍራሽ ውስጥ የሚያኖር ዛሬም አለ። እሳትና አይጥ እንኳ ባይነኩት የገንዘብ ለውጥ ያገኘዋል። በ1969 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተለውጠዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው አዲስ የ200 ብር ኖት ወጣ፤ ለመለወጫውም የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበረ። ገንዘቡ በባንክ የነበረለት ሰው ምንም አልደከመም።

ከሁሉ የሚብሰው ሌባ ግን የኑሮ ውድነት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር፥ በሣጥን የተቀመጠ 1,000 ብር ከዓመት በኋላ የሚገዛው ቀድሞ 769 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠው 1,070 ብር ሆኖ የ823 ብሩን ያህል ይገዛል። ባንኩ ጉዳቱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ስለዚህ ለድንገተኛ ነገር የሚሆነውን በባንክ፥ ለረጅም ጊዜ የታሰበውን ግን ዋጋው ከገበያው ጋር በሚሄድ ነገር፥ በበግ፥ በእህል፥ በሥራ መሣሪያ ማድረግ ይበጃል።

ከወለድ ለሚጠነቀቁ ሙስሊም ወገኖቻችንም በሩ ዝግ አይደለም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን ተፈቅዷል፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2021 ዘምዘምና ሂጅራ የተባሉት ባንኮች በዚሁ መንገድ ሥራ ጀምረዋል። «ወዲዓ» ገንዘብን በአደራ ማስቀመጫ ሲሆን፥ «ሙዳረባ» ከትርፍ የሚካፈሉበት ነው።

5ኛ፤ ዕቁብን በልክ መጠቀም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፥ 12 ሰዎች በወር 500 ብር ቢጥሉ በየወሩ 6,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ እንዳበደረ ነው። የዕቁብ ትልቁ ጥቅም ገንዘቡ አይደለም፥ ማስገደዱ ነው፤ ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ያፈርሳል፥ ለዳኛውና ለዕቁብተኛው የገባውን ግን ያከብራል። ነገር ግን ለመጣል ሲል የሚበደር ሰው ዕቁብ ገባ አይባልም፥ ዕዳ ገባ እንጂ።

6ኛ፤ ከአራጣና ከውርርድ መራቅ። በወር 10 በመቶ እንበልና 1,000 ብር የተበደረ ሰው በወር 100 ብር ቢከፍል፥ በዐሥር ወር 1,000 ብር ከፍሎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይጠብቀዋል። ምንም ሳይከፍል ወለዱ በወለድ ላይ ቢታሰብበት ደግሞ በዓመቱ ከ3,100 ብር በላይ ይሆንበታል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ማለት እርሱ ነው። ዛሬ ብድር በስልክም መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል ቀላል ሆኗል፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን በአንድ ጣት የተወሰደ ብድር በአንድ ጣት አይከፈልም። በኳስ ጨዋታ ውጤት መወራረድም ለወጣቶቻችን ሌላ ወጥመድ ነው። አንዱ ጓደኛችሁ የበላበትን ቀን ያወራላችኋል፤ የተበላበትን ዐሥር ቀን ግን አያወራም። በየቀኑ ለጫት የሚወጣውንም እንዲሁ በዚያው ደብተር መዝግባችሁ ደምሩት፤ ፍርዱን ለራሳችሁ እተዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ይህ ለትልልቆች ነው፥ እኛ ተማሪዎች ምን አለን?» የምትሉ ካላችሁ፥ የሌላውን አገር ታሪክ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር በ1861 የፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ ሲቋቋም አንድ ሽልንግ ያለው ሁሉ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ለልጆችና ለድሆች ግን አንድ ሽልንግም በዛ። ስለዚህ በ1880 ሌላ ዘዴ ወጣ፤ ልጁ አንዳንድ ፔኒ የሚያወጣ ቴምብር እየገዛ በወረቀት ላይ ይለጥፋል፥ 12 ሲሞላ ወረቀቱ እንደ አንድ ሽልንግ ተቈጥሮ በስሙ ይገባለታል። በ1924 ደግሞ የብዙ አገር የቁጠባ ባንኮች መልእክተኞች በሚላኖ ተሰብስበው ኦክቶበር 31 የዓለም የቁጠባ ቀን እንዲሆን ወሰኑ። በእኛም አገር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በ1964 የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቁመው ፈር ቀድደዋል። (እነዚህ ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ እኔ የማሳስበው ትልቅ ነገር አይደለም፤ በየክፍሉ የተማሪዎች ቁጠባ ይጀመር። ገንዘቡ በአንድ መምህርና በሁለት ተማሪዎች ፊርማ ባንክ ይግባ፤ ሒሳቡም በየወሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሒሳብ በግልጽ ካልተለጠፈ ማኅበር አይቆምም።

የዚህ ቁጠባ ጥቅም መቼ ይታወቃል? የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ ተፈታኙ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ መሄድና ለጥቂት ቀን መቆየት ነበረበት። እንዲህ ያለ መንገድ ሲመጣ የመሳፈሪያና የእጅ ገንዘብ ያለው ልጅ ሐሳቡ ከጥያቄው ላይ ይሆናል፤ የሌለው ግን ፈተናው ሳይጀመር ይደክማል። አራት ዓመት የለፋ ልጅ በጥቂት መቶ ብር ምክንያት ልቡ መከፈል የለበትም።

ወላጆች ሆይ፤ የገንዘባችሁን ነገር ከልጆቻችሁ አትደብቁ። «ልጅ ስለ ገንዘብ ምን አገባው?» ማለት ልማዳችን ነው። ነገር ግን የቤቱን ገቢና ወጪ ያላወቀ ልጅ ሁልጊዜ አለን እያለ ይጠይቃል፤ ያወቀ ልጅ ግን ሳትነግሩት ይቈጥብላችኋል፥ ሒሳቡንም ይጽፍላችኋል። ለዚህም ነው ወደ ትምህርት ቤት የላካችሁት።

ተማሪዎችም ሆይ፤ ነገ ማታ ያንን አሮጌ ደብተር ፈልጋችሁ ሦስቱን ዐምድ አስምሩ፤ አባታችሁ የስንዴውን ዋጋ፥ እናታችሁም የጓዳውን ወጪ ይንገሯችሁና ጻፉት። በሚመጣው ግንቦት ከእናንተ መካከል በኪራይ ምክንያት የሚጐድል ወንበር ካልኖረ፥ የዛሬው በዓላችን በሚገባ ተከብሯል ማለት ነው።

ፈጣሪ አዝመራችንን ይባርክልን፥ የተባረከውንም የምንይዝበትን ልቡና ይስጠን።