የሕክምና ሥነ ምግባር በስላይድ ሲቀርብ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የሕክምና መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስ መሣሪያውን ለሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ስለ ሥነ ምግባርም እንዲያስረዳ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚቀናው መንገድ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ አራቱን መርሖች መደርደር ነው፤ ይኸውም የታካሚውን ውሳኔ ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ ጉዳት አለማድረስና ፍትሕ የሚሉት ናቸው። ቦሻምና ቺልድረስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቁት እነዚህ መርሖች ነቀፋ የለባቸውም። ነቀፋው በስላይዱ ላይ ነው። ሠልጣኙ አራቱን ቃላት በደብተሩ ገልብጦ ይሄዳል፤ በማግሥቱ በመሣሪያው ፊት ሲቀመጥ ግን የትኛውን ቁልፍ መጫን እንደሚገባው አንዳቸውም አይነግሩትም።

ለዚህ ከቴራክ 25 የበለጠ ማስተማሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ቴራክ 25 በካናዳ የተሠራ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የካንሰር ጨረር ማከሚያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ ስድስት ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረር ተቀበሉ። በማርች 1986 በቴክሳስ፣ በታይለር ከተማ ቴክኒሽያኗ የኤሌክትሮንን ፊደል በመጻፍ ፋንታ የኤክስ ሬይን ፊደል መታች፤ ስሕተቷንም ወዲያው አረመች። እርማቱ እጅግ ፈጣን ስለ ነበረ ፕሮግራሙ በትክክል አልተቀበለውም። በስክሪኑ ላይ «ማልፈንክሽን 54» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መምሪያ መጽሐፉ ስለዚህ ቁጥር የሚረባ ማብራሪያ አልነበረውም። መሣሪያው በየጊዜው እንዲህ እያለ መቆም ያዘወትር ስለ ነበር፣ እንደ ልማዷ የመቀጠያውን ቁልፍ ተጫነች። የሕክምናውን ክፍል የሚያሳየው ቴሌቪዥን በዚያን ቀን አልተሰካም፤ የድምፅ መገናኛውም ተበላሽቶ ነበር። ሕመምተኛው ከአልጋው ሊነሣ ሲሞክር ሁለተኛው ጨረር አገኘው። ከአምስት ወር በኋላ ሞተ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስላይድ ያ ስክሪን ራሱ ይሁን፤ ሌላ ነገር አይጨመርበት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ ሠራተኛው በመሣሪያው ላይ የሚገጥመው እንደዚያው ነውና። ከሥሩ «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ይጻፍ። በአንድ ጥግ በውጭ ተራ የሚጠብቁት ሕመምተኞች ቁጥር ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ማቆም ዋጋ እንዳለው የማያሳይ ስላይድ ሠልጣኙን ያታልለዋልና። አሠልጣኙ መልሱን ሳይናገር ይጠብቅ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም ሥልጠናው ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። የሕመምተኛው መጨረሻ የሚነገረው ሁሉም ከወሰነ በኋላ ነው። የመርሖቹም ስም ያን ጊዜ ቢነሣ ቦታ ያገኛል።

ጽሑፉ መብዛት የለበትም ሲባል ለውበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የኮሎምቢያ መንኮራኩር ከመጥፋቷ በፊት መሐንዲሶች ያቀረቡት አንድ ስላይድ፣ መንኮራኩሯን የመታው የአረፋ ቁራጭ በሙከራ ከታዩት ሁሉ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን በመጨረሻው ንዑስ መስመር ቀብሮት እንደ ነበር የምርመራው ቦርድ አመልክቷል።

ነገሩን በዚህ የሚያቆም አሠልጣኝ ግን ጥፋቱን ሁሉ በቴክኒሽያኗ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ከአደጋው በኋላ የአምራቹ መሐንዲሶች መሣሪያውን መርምረው ስሕተቱን ሊያገኙት አልቻሉም፤ ከመጠን ያለፈ ጨረር መስጠትም አይቻለውም ተባለ። መሣሪያው ወደ ሥራ ተመለሰ፤ በአፕሪል 1986 በዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ ሰው ተጎዳ። ምስጢሩን የገለጠው የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ነው፤ ከቴክኒሽያኗ ጋር ተቀምጦ የእጇን ፍጥነት እስኪደርስበት ድረስ እርማቱን ደጋግሞ ሞከረ። መሐንዲስ የሆነ አሠልጣኝ ይህን ስላይድ ጊዜ አጠረ ብሎ ሊዘለው ይፈተናል። ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ ይህ አይቅር።

የተጎዳ ሰው ቁስል ፎቶግራፍ አያስፈልግም፤ አዳራሹን ያስደነግጣል እንጂ ውሳኔን አያስተምርም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስላይዶቹ በወረቀትም ይታተሙ። ለሕመምተኛው ምን እንደሚነገረው ደግሞ ሠልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቃል ይለማመዱት፤ «መሣሪያው ስለ ቆመ ምክንያቱ እስኪታወቅ አንቀጥልም» ብሎ ለተጨነቀ ሰው መናገር በጽሑፍ እንደሚታየው ቀላል አይደለም።

በመጨረሻው ስላይድ ላይ የሚቀመጠው አንድ የስልክ ቁጥር ነው፤ መሣሪያው ሲቆም የሚደወልበት። ያ ስልክ በሌሊትም የሚነሣ መሆኑ፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ተደውሎ መረጋገጥ አለበት።