የብዙዎች ጥቅምና የአንድ ሰው ሕይወት



የአንድ ተግባር መልካምነት ወይም ክፋት የሚለካው ለብዙዎች በሚያስገኘው ደስታ ወይም በሚያደርሰው ሥቃይ ነው የሚለውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓት ያስያዘው ጄረሚ ቤንታም ነው። ቤንታም ሕግ ያጠና ሰው ነበርና ትምህርቱ በችሎት ቢፈተን አይከፋውም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለች የእንግሊዝ ጀልባ ወደ ሲድኒ ስትጓዝ በደቡብ አትላንቲክ ሰጠመች። ካፒቴኑ ዳድሊ፣ ስቲቨንስ፣ ብሩክስና የ17 ዓመቱ ሪቻርድ ፓርከር በአንዲት ታንኳ ቀሩ። ምግባቸው ሁለት ቆርቆሮ የታሸገ አትክልትና አንድ የባሕር ኤሊ ብቻ ነበር። ሃያ ቀን ያህል እንዳለፈ ዳድሊ በስቲቨንስ ስምምነት የታመመውን ልጅ ገደለው፤ ብሩክስ ባይስማማም ከሥጋው በላ። በአራተኛው ቀን መርከብ ደርሶ ሦስቱን አዳናቸው።

ሂሳቡ ቀላል ይመስላል፤ አራቱም ከሚሞቱ አንዱ ይሙት። ገዳዮቹ ባለትዳሮችና አባቶች ሲሆኑ ልጁ ወላጆቹን ያጣ ነበር። የጁሪው አባላትም ልጁን ባይበሉት ኖሮ ምናልባት ሳይደረስላቸው ይሞቱ እንደ ነበር አምነዋል። ሆኖም ከሌሎቹ ይልቅ ልጁን ለመግደል የተለየ አስገዳጅ ምክንያት እንዳልነበረ ጨምረው አረጋገጡ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በቤንታም ሂሳብ እያንዳንዱ ሰው እንደ አንድ ይቆጠራል፤ በታንኳዋ ላይ ግን ቆጣሪዎቹ ራሳቸው ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ ዕጣም አልተጣለም፤ ልጁንም የጠየቀው የለም። ሎርድ ኮልሪጅ የአንዱን ሕይወት ከሌላው የሚያበላልጠው ሚዛን በማን እጅ ይሁን ሲል ጠይቆ፣ አስገዳጅ ችግር ለነፍስ ግድያ መከላከያ እንደማይሆን ፈረደ። የሞት ቅጣቱ በኋላ ወደ ስድስት ወር እስራት ተለወጠ።

የትምህርቱ ደጋፊዎች ብርቱው ደካማውን እንዲሠዋ የሚፈቅድ ደንብ ሁሉን በስጋት ስለሚያኖር፣ ጥቅም ራሱ ይከለክለዋል ይላሉ። ጠንካራ መልስ ነው። ነገር ግን ልጁን የሚጠብቀው የሌሎች ስጋት ብቻ ከሆነ፣ ድርጊቱ ተሰውሮ በቀረ ቀን ጠባቂ የለውም።

ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2000 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተጣብቀው የተወለዱ ሁለት ሕፃናት እንዲለያዩ ፈቀደ፤ ደካማይቱ በቀዶ ሕክምናው እንደምትሞት እየታወቀ ነው። ከዳኞቹ አንዱ የአስገዳጅ ችግርን መከላከያ ሲቀበል ከታንኳዋ ጉዳይ የለየው፣ የምትሞተውን የመረጣት ተፈጥሮ እንጂ ሰው አለመሆኑን በማመልከት ነበር።