ንብና ዘር
ለድጋፍ ሰጪ ማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ስለ ንብ ነው። ትንሽ ቢመስልም የገበሬውን እንጀራ ስለሚነካ በጥሞና እንድታዳምጡን እንለምናችኋለን።

ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀቡት በዘሩ ላይ ነው። ዘሩ ሲበቅል መድኃኒቱ በተክሉ ውስጥ ተሰራጭቶ የሚበላውን ተባይ ነርቭ መትቶ ይገድላል። ገበሬውም ደጋግሞ ከመርጨት ያርፋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ንብ ከአበባ በምትቀስመው ፈሳሽና በአበባው ዱቄት ውስጥም ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደይ ወራት በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፥ በራይን ሸለቆ፥ ክሎቲያኒዲን የተቀባ በቆሎ በመዝሪያ መኪና ተዘራ። በዘሩ ላይ በደንብ ያልተጣበቀው መድኃኒት አቧራ ሆኖ በአበቦች ላይ ዐረፈ። ከ11,000 በላይ ቀፎ ንቦችም ተጎዱ። ገበሬዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ የበቆሎን ሥር ከሚበላ ተባይ ሰብላቸውን ለማዳን ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ኢሚዳክሎፕሪድን፥ ክሎቲያኒዲንንና ቲያሜቶክሳምን ገደበ፤ በ2018ም ከግሪን ሃውስ ውጭ እንዳይሠራባቸው ከለከለ። ክርክሩ ግን አላበቃም። በ2020 በፈረንሳይ ክሽክሽ ባዛመተው የቢጫ በሽታ ሹገር ቢት የተባለው የስኳር ተክል ክፉኛ ተጎዳ፤ ገበሬዎቹም ስለ ጮኹ መንግሥት ለጊዜው ፈቀደላቸው። በጥር 2023 የኅብረቱ ፍርድ ቤት በእነዚህ በተከለከሉ መድኃኒቶች ለተቀባ ዘር እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መስጠት አይገባም ብሎ ወሰነ።

እንግዲህ ማን ተሳሳተ እንበል? ሰብሉ የሚጠፋበት ገበሬም፥ ቀፎው ባዶ የሚቀርበት ንብ አርቢም እውነት አላቸው። በእኛ አገር ደግሞ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዳንዴም አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ ዘር የምናድል እኛ ኃላፊነት አለብን።

ዘሩ በምን እንደ ተቀባ ሳንጠይቅ አንቀበል። የተቀባ ዘር ለምግብም ለከብትም እንዳይውል ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ እንንገር። ማሳውን ሳናይ፥ ተባዩም መኖሩን ሳናረጋግጥ መድኃኒት አናዝዝ። ሰብሉ ሲያብብ ከመርጨት እንቆጠብ፤ የግድ ከሆነም ንብ አርቢዎቹ አስቀድመው ይወቁ።

ገበሬውን ከተባይ ስንታደግ የጎረቤቱን ቀፎ ባዶ ካደረግን፥ ረዳን ማለት አንችልም።