የልጆቻችንን ክበብ በር ማን ይክፈት?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው አጀንዳ ብዙ ነው። ስለ ጥበቃ ክፍያ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ መንገድ መብራት የሚነገረው በየተራው ይነገራል። እኛ አሁን የምንናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱም የሰፈራችን የወጣቶች ክበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበባችን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ አዳራሽ እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመዝገባችን ላይ ስማቸው የሰፈረ ልጆች ከስድሳ በላይ ናቸው። ቁልፍ ይዘው፣ በር ከፍተው፣ ከልጆቹ ጋር የሚውሉት አዋቂዎች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲታመም ሌላውም ለቅሶ ሲደርስበት አዳራሹ ተዘግቶ ይውላል፤ ልጆቹም ደጅ ቆመው ቆመው ይበተናሉ። የዕድሩ ዳኞች በዚህ ጉዳይ ላይ ጥያቄ አቅርበውልናል። «አዳራሹ የሚሠራበት ሰው ካለ ይሠራበት፤ ከሌለ ግን ለዕቃ ማስቀመጫ አከራይተን ለዕድርተኛው ገቢ እናድርገው» ብለዋል። ጥያቄያቸው የአግባብ ነው፤ ቅር አላለንም። መልሱን መስጠት የሚችለው ግን ይህ ጉባኤ ነው እንጂ ሥራ አስፈጻሚው ብቻውን አይደለም።

አንዳንዱ ሰው «ልጆቹ ትምህርት ቤት አላቸው፣ ቤትም አላቸው፣ ክበብ ምን ያደርግላቸዋል?» ይል ይሆናል። እስቲ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞና ሃና ማርያም ያለውን ክፍለ ከተማችንን ዞር ብለን እንየው። ድሮ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ሁሉ ዛሬ ቤት፣ ፎቅ ወይም መንገድ ሆኗል። መሠራቱ መልካም ነው፤ እኛም ቤት አግኝተንበታል። ልጅ ግን መጫወቱን አይተውም። ሜዳ ሲያጣ አስፋልት ዳር ይጫወታል፤ አስፋልት ዳር ሲከለከል ወደ ትንሿ አቃቂ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ውሃው የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚሄድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ወንዝ ዳር የኖረ ሰው አይነገረውም። ከዚያ የተረፈውን ልጅ ጫት ቤቱና ውርርዱ ይቀበለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕግ «አትግባ» ሲል ልጁ «ታዲያ የት ልግባ?» ቢል መልስ የሚሰጠው ጎረቤት ነው።

የወጣት ክበብ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ መነሻው የአራዳ ሰፈር ወጣቶች ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ወወክማ ውስጥ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስና ሙዚቃ የተማሩ ዛሬ አያቶች የሆኑ ሰዎች በከተማችን ሞልተዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ ስመ ጥር ከሆኑት ድምፃውያንና ተዋንያን ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆሙት በቀበሌ መድረክ ላይ ነው። በ1990ዎቹም በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቁሞ ወጣቱ በድራማና በግጥም ስንቱን ወላጅ አስተምሯል።

ታዲያ እነዚህ የት ደረሱ? ወወክማ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደገና ለመቋቋም የ1983ን ለውጥ መጠበቅ ግድ ሆነበት። የቀበሌ ኪነት ያቆመው ሥርዓት ሲወድቅ አብሮ ተበተነ። ከፀረ ኤድስ ክበባትም ብዙዎቹ የዕርዳታው ገንዘብ ሲቀንስ እየተቀዛቀዙ ሄዱ። ሥራቸው መጥፎ ስለነበረ አይደለም። ቁልፉ በሌላ እጅ ስለነበረ ነው። ዕድራችንን ደግሞ ተመልከቱ። መንግሥት ተቀያየረ፣ ገንዘብ ተቀያየረ፣ ዕድር ግን አለ። ለምን? መዋጮው የእኛ ነው፣ ዳኛው የእኛ ነው፣ ድንኳኑን የምንተክለው እኛው ነን። ስለሆነም የወጣቶች ክበባችን እንዲቆይ ከፈለግን እንደ ዕድር መቆም አለበት ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ክበቡን ለማገዝ ማን ሊገባ ይችላል? ዲግሪ አይጠየቅም። ከእኛም ከሥራ አስፈጻሚዎቹ ውስጥ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን አለን፤ ይህም ልጆችን ሰብስቦ ከማዋል አላገደንም። ጡረታ የወጣ አናጺ መጋዝና መዶሻ መያዝ ያሳያል። ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ መትከልና ቅድ መቁረጥ ታስተምራለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናል። ምንም ሙያ የለኝም የሚል ሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ የገባውንና የወጣውን ልጅ በመዝገብ ይይዛል፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ?

አገባቡም ሥርዓት አለው። በጎ ፈቃደኛው የመታወቂያውን ኮፒ ይዞ ይመዘገባል፤ የሚያውቁት ሁለት ጎረቤቶች ይመሰክሩለታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከነባር አጋዥ ጋር ብቻ ይሠራል። ይህን የምንለው ሰውን ስለምንጠረጥር አይደለም። ልጅ የሚያምነንን ያህል እኛም መጠንቀቅ ስላለብን ነው። ደንባችንም ይህ ነው፦

አንደኛ፣ አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሆንም። ሁለት አዋቂ ከሌለ በሩ አይከፈትም። ባለፈው በር ተዘግቶ የዋለው በዚህ ደንብ ምክንያት ነው እንጂ በስንፍና አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዱላ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ በአካሉ ላይ ከሚደርስ ቅጣት ነፃ መሆኑን ይደነግጋል። ያጠፋ ልጅ ከጨዋታ ዕረፍት ይወጣል፤ ቢደጋግመው ወላጁ ይጠራል።

ሦስተኛ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅን ፎቶ ማንሳት፣ ወደ ግል ቤት መውሰድ ወይም በስልክ በስውር ማነጋገር ክልክል ነው።

አራተኛ፣ አንድ ልጅ ወይም አንድ እናት ቅሬታ ቢኖራቸው ለክበቡ ሰዎች ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ለዕድሩ ዳኛ መናገር ይችላሉ።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን በግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በትልቁ ተጽፎ ከጎኑ ይለጠፋል።

ስለ ዕድሜም ጥያቄ ተነስቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እኛ ግን ከ10 ዓመት ጀምረን እንቀበላለን፤ ምክንያቱም ልጅ ደጅ ደጁን ማለት የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ነው። ከ18 በላይ ያሉት ደግሞ ተገልጋይ ብቻ ሆነው እንዲቀመጡ አንፈልግም፤ አጋዦች ይሁኑ።

አሁን ወደ አንድ የሚያከራክር ጉዳይ እንመጣለን። ክበቡን ማን ይምራው? «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል አባባል አለን። እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ቡኮ ላይበቃ ይችላል። ነገር ግን ልጅ ካላቦካ መቼ ይለምዳል? ስለዚህ ወጣቶቹ ከመካከላቸው አምስት ሰዎች ይመርጣሉ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሆናሉ። የሳምንቱን ፕሮግራም የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የቤት ሥራ ጥናት፣ ቼዝና ገበጣ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የድራማ ልምምድ፣ በክረምት ችግኝ መትከልና የአቅመ ደካማ ጎረቤት ቤት መጠገን ሁሉ በእነሱ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። አዋቂዎች የምንይዘው ቁልፉን፣ ገንዘቡንና የደኅንነቱን ነገር ነው። በቀረው ምክር እንሰጣለን፣ አንጫናቸውም።

ስለ ሴት ልጆቻችንም ሳንናገር አናልፍም። በመዝገቡ ላይ ስማቸው አለ፤ ቅዳሜ ግን ብዙዎቹ አይታዩም። ለምን ብለን ስንጠይቅ ልብስ እያጠቡ፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ሕፃን እያዘሉ ነው። ወንድሙ ኳስ ይዞ ሲወጣ እሷ ድስት ይዛ ትቀራለች። እናቶች ሆይ፣ ሥራውን ለሁለቱም አካፍሏቸው፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ልቀቋት። እኛም በበኩላችን የሴቶቹን መጸዳጃ በር አሠርተን ከውስጥ የሚቆለፍ መሸጎሪያ እናስገባለን፤ ፕሮግራሙም ሳይመሽ ከ11 ሰዓት በፊት ያበቃል።

ገንዘቡስ? ብዙ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ግን በግልጽ መያዝ አለበት። የኳስ፣ የደብተር፣ የጠመኔና የመብራት ወጪ አለ። ሐሳባችን እያንዳንዱ አባል በወሩ መዋጮ ላይ ጥቂት እንዲጨምር ነው፤ መጠኑን ጉባኤው ይወስን። ያለ ደረሰኝ አንድ ሳንቲም አይገባም፣ ያለ ሁለት ፊርማ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ከኪሱም እንዲያወጣ አይገደድም። ሰው በነፃ እየሠራ የታክሲና የጠመኔ ዕዳ ከተጨመረበት ሁለት ወርም አይቆይ።

«ፈቃድ አያስፈልግም ወይ?» ያላችሁንም ሰምተናል። ክበቡ አሁን የማኅበራችን አንድ ክፍል ነው፤ የሚሠራውም በዕድሩ አዳራሽ ነው። ወደፊት ሰፍቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ይሁን ከተባለ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ይመዘገባል። በማኅበርነት ለመደራጀት ከአምስት ያላነሱ አባላትና የበላይ የሆነ ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋሉ። እሱ የነገ ሥራ ነው። ዛሬ የቸገረን የሰው እጅ ነው።

በጎ ፈቃደኛ ቶሎ የሚሰለችበትንም ምክንያት እናውቀዋለን። አንድ ሰው ጥሩ ከሠራ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ይከመራል፤ በመጨረሻ ደክሞት ሲቀር «ድሮም አይሆንም ነበር» ይባላል። ይህ እንዳይሆን ተራ አውጥተናል። አሥር ሰው ከተገኘ ለአንድ ሰው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ «በቃኝ» የሚል አመስግነን እናሰናብተዋለን፤ ማንም አይታዘበውም። ተራው ደርሶ መምጣት ያልቻለም ከሦስት ቀን በፊት ይንገረን፤ እንተካዋለን።

የተከበራችሁ አባላት፣ አካባቢያችን ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ መልእክት ይተላለፍበት በነበረው ጣቢያ ምክንያት እንደሆነ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ዛሬ ያ ስልክ በያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። በስልክ ከሩቅ ዘመድ ጋር እናወራለን፤ የግድግዳ ጎረቤታችንን ልጅ ስም ግን አናውቀውም። ከየሰፈሩ ተነስተን በአዲስ ቤት የተሰበሰብን ብዙ ነን፤ ከልማቱ ተነስቶ የመጣ አለ፣ ዕጣ ደርሶት የገባ አለ፣ ተከራይ አለ። ተከራይ ነኝ፣ ነገ እለቃለሁ ብሎ የሚቀር ሰው አለ። ልጁ ግን ዛሬ እዚሁ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ ተከራዩም ባለቤቱም በዚህ ጉዳይ እኩል ድምፅ እንዲኖራቸው ሐሳብ አቅርበናል።

እንግዲህ የውሳኔ ሐሳባችን ይህ ነው። ጉባኤው ለአንድ ወር ጊዜ ይስጠን። በዚህ አንድ ወር ውስጥ አሥር በጎ ፈቃደኞች ከተመዘገቡ አዳራሹ ለአንድ ዓመት ለክበቡ ይጽና። አሥር ካልሞሉ ግን የዕድሩ ዳኞች ያሉት ይሁን፤ እኛም ቁልፉን ያለ ክርክር እናስረክባለን። ልጆቹንም ሰብስበን ምክንያቱን የምንነግራቸው እኛው እንሆናለን። ያን ቀን እንዳያሳየን ግን እናንተን እንለምናለን።

መዝገቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ዘወትር ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ምሽት ድረስ አለን። መጻፍ የማይችል ሰው ስሙን ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ