በ1 ብቻ የሚጻፉ ብዜቶች፦ ሰንጠረዥና ማረጋገጫ



ዛሬ በፀዳ የተገናኘነው ስለ ቁጥር ለመነጋገር ነውና ከቤታችን ልነሣ። በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚባል ስልት አለ። 13ን በ24 ለማባዛት በአንድ ረድፍ እየገመስን 13፣ 6፣ 3፣ 1 እንጽፋለን፤ ትርፉን ግማሽ እንጥላለን። በሌላው ረድፍ እያጠፍን 24፣ 48፣ 96፣ 192 እንጽፋለን። በተጋማሹ 6 አንጻር ያለውን 48 ሰርዘን የቀረውን ስንደምር 312 ይሆናል። ይህ ስልት ሳይናገር 13ን በሁለትዮሽ አሃዝ 1101 ብሎ ጽፎታል።

ከዚሁ አጻጻፍ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ለአንድ ኢተጋማሽ ቁጥር፣ በሁለትዮሽ ሲጻፍ አሃዞቹ ሁሉ 1 የሆኑ ትንሹ ብዜት ማን ነው? ለ3 ራሱ 3 ነው፤ 11 ተብሎ ይጻፋልና። ለ5 1111፣ ማለትም 15 ነው። ለ7 ራሱ 7፣ ለ9 63 ነው፤ ለ11 ግን አሥር አንዶች ያስፈልጋሉ፤ ቁጥሩም 1023 ነው።

እንዲህ ያለ ብዜት ሁልጊዜ መኖሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው። 1፣ 11፣ 111 እያልን ከቁጥሩ በአንድ የሚበልጡ ቁጥሮችን ብንደረድር፣ ሲካፈሉ ቢያንስ ሁለቱ እኩል ቀሪ ይኖራቸዋል። ልዩነታቸው አንዶችን አስቀድሞ ዜሮዎችን ያስከትላል፤ አካፋዩ ኢተጋማሽ ስለሆነ ዜሮዎቹ ቢነሡም አንዶቹን ያካፍላል።

ርዝመቱስ? ለኢተጋማሽ ብቸኛ ቁጥር፣ የአንዶቹ ብዛት ከቁጥሩ አንድ ተቀንሶ የሚገኘውን አይበልጥም፤ ያንኑም ያለቀሪ ያካፍላል። 3፣ 5፣ 11፣ 13 እና 19 እስከ ወሰኑ ይደርሳሉ፤ 7 በ3፣ 17 ደግሞ በ8 አንዶች ይቆማሉ። እስከ ወሰኑ የሚደርሱት ማለቂያ የላቸውምን? ኤሚል አርቲን እ.ኤ.አ. በ1927 ማለቂያ የላቸውም ብሎ ገመተ። ክሪስቶፈር ሁሊ በ1967 ያረጋገጠው፣ ራሱ ያልተረጋገጠውን አጠቃላይ የሪማን መላምት ተቀብሎ ነው። ሮጀር ሂዝ ብራውን በ1986 ባሳተመው ሥራ፣ ከ2፣ ከ3 እና ከ5 ቢያንስ ለአንዱ የጥያቄው አቻ እውነት መሆኑን አሳየ፤ የትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን ማንም አልለየም።

ተማሪዎቼ ከኮምፒውተር ረጅም ሰንጠረዥ ይዘው ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ «እንግዲህ ተረጋገጠ» ሲሉኝ ግን አቆማቸዋለሁ። ሰንጠረዥ ምን ቢረዝም መጨረሻ አለው፤ ጥያቄው ግን ስለማያልቀው ነው። በጠጠር የሚጀመረውን ይህን ጥያቄ የሚፈታው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ግን ማስላትንና ማረጋገጥን ከወዲሁ መለየት ያስፈልጋል።