ከአንጀት ርቆ የሚታይ የአንጀት ሕመም



ከአራት ዓመት በፊት ዓይኔ ቀልቶ ብርሃን ማየት አቃተኝ፤ ጠብታ ታዘዘልኝ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፤ በቅልጥሜም ላይ ሲነካ የሚያም ቀይ እብጠት ወጣ፤ ሌላ ሐኪም ሌላ መድኃኒት ሰጠኝ። ስለ ሆዴ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ለወራት የቆየብኝን ተቅማጥ አፍሬ ደብቄው ነበር። የኮርኒስ እርጥበት ቧንቧው ካፈሰሰበት ቦታ ርቆ እንደሚታይ ግን ለሠራተኞቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ!

ሕመሜ ሐኪሙ ክሮን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የአንጀት መቆጣት ሆኖ ተገኘ። የቆዳው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከአንጀቱ ጋር ይብሳል፣ ከአንጀቱም ጋር ይሽላል፤ የዓይኑ መቆጣት ግን አንጀቱ ጸጥ ባለበት ጊዜም ሊነሣ፣ አንዳንዴም ሊቀድመው ይችላል፤ ቸል ከተባለ ያሳውራል። አሁን የዓይን ሐኪም ፊት በቀረብሁ ቁጥር አስቀድሜ የምናገረው ስለ ሆዴ ነው።