የሞተር ቢስክሌት የኋላ ጎማ አለዋወጥ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ቢስክሌት የኋላ ጎማ ነው። ሞተር የሌለን ሰዎች ምን አገባን እንዳትሉ። የክትባት መድኃኒት ወደ ገጠር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሞተር ነው። የእንስሳት ሐኪሙም በሞተር ይመጣል። ሰውም እህልም ከኋላ ይጫናል። ከደጋው ቁልቁል ሲወርድ የኋላ ጎማው ከከዳ፣ የሚወድቀው ነጂው ብቻ አይደለም።

የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቶሎ ያልቃል። የሞተሩ ጉልበት በሰንሰለት የሚደርሰው ለእሱ ነው። ጭነቱም የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ነጂው ግን ዘወትር የሚያየው የፊቱን ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩን አጥፉ። በደልዳላ ቦታ፣ በመሐል ማቆሚያው አቁሙት። የፍሬኑን ዘንግ ፍቱ። የፍሬኑን ክዳን ከሞተሩ አካል ጋር የምታያይዝ አንዲት ብረት አለች፤ እሷንም ፍቱ። ይህችን ብረት አደራ አትርሷት፣ በኋላ እንመለስባታለን። ቀጥሎ የፔርኖውን ዳዶ ፍቱ። ፔርኖ ማለት በጎማው መሐል የሚያልፈው ወፍራም ብረት ነው። ጎማውን ወደ ፊት ገፋ አድርጉና ሰንሰለቱን ከጥርሱ ላይ አውርዱ። ፔርኖውን ስትስቡ ጎማው ይወጣል። የተፈታውን ሁሉ ጨርቅ ላይ በተርታ አስቀምጡ። አፈር ውስጥ የጠፋች ዳዶ ከሐይቅ ደሴ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ታስኬዳለች!

ንፋሱን አስወጡ። የጎማውን ከንፈር በእግራችሁ ረግጣችሁ ወደ ቸርኬው መሐል አስገቡት። ያን ጊዜ በወዲያኛው በኩል ይላላል። በመፈልቀቂያው ብረት ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አውጡት። በጉልበት የሚታገል ሰው ከመነዳሪውን፣ ማለት የውስጡን ጎማ፣ ይበሳዋል።

የድሮውን ጎማ መልሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱ። የግራር እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። እሾሁ ሳይነቀል አዲስ ከመነዳሪ ማስገባት ገንዘብን መጣል ነው።

አዲስ ጎማ ስትገዙ ደግሞ አንብቡ። አዎ፣ ጎማ ይነበባል! 3.00-18 የሚል ካገኛችሁ፣ 3 የጎማው ስፋት ነው፤ 18 የቸርኬው ቁመት ነው፤ ሁለቱም በኢንች። ከአሮጌው ጋር አስተያዩት። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ በቃሉ ብቻ አትቀበሉ። በአምባሰል ምድር፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» ሲል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኝቶ የለም?

በጎማው ላይ ቀስትም ካለ፣ ቀስቱ ጎማው ወደ ፊት ወደሚሽከረከርበት ይሁን።

ሲገጠም ከመነዳሪው ጥቂት ንፋስ ይያዝ፤ እንዳይታጠፍ ነው። የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ከንፋስ መሙያው ትይዩ ጀምራችሁ መሙያው ዘንድ ጨርሱ። ጎማው ወደ ቦታው ሲመለስ በግራና በቀኝ ያሉትን ጭረቶች ቁጠሩ። በግራ 4 ከሆነ በቀኝም 4 ይሁን። አለዚያ ጎማው ይጣመማል፣ ሰንሰለቱም ይበላል። ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት አይወጠር፤ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ላላ ይላል።

አሁን ያቺ ብረት! ሳትታሰር ከቀረች፣ ፍሬን ሲያዝ ክዳኑ አብሮ ይዞርና ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ እሷን እሰሩ፣ የፔርኖውን ዳዶ አጥብቁ፣ የፍሬኑን ዘንግ መልሱ። ሰው ከመጫናችሁ በፊት በቀስታ ነድታችሁ ፍሬኑን ሞክሩ።

ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራ አለ። በአንድ ጎማ ጎን ላይ ተከታትለው የተጻፉ 4 ቁጥሮች ፈልጉ። 2319 ቢል፣ 23 ሳምንቱ ነው፤ 19 በፈረንጆች 2019 ማለት ነው። በእኛ ግንቦት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተሠራ ጎማ ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉና የጎማውን ዕድሜ አስሉ።